ፕላትሌቱ ወጣ፣ ጉልበቱስ? ከአንድ የመድኃኒት ሙከራ የሥራ ማስታወሻ

እንግሊዝ አገር በአንድ ሆስፒታል የምርምር ነርስ ነኝ። ይህ ጽሑፍ ፍላይት የሚባለው የመድኃኒት ሙከራ በእኛ ክፍል ሲካሄድ በግል ደብተሬ ከያዝኩት የተወሰደ ነው። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታካሚዎቹ እንዳይለዩ ዕድሜያቸውንና ሥራቸውን ቀያይሬአለሁ። የሆስፒታሉንም ስም አልጽፍም።

ኖቬምበር 6፣ 2018

ዛሬ የመጀመሪያውን ታካሚ አስገባን። ሥራው ሲጀመር የምናጠናውን ነገር በራሴ ቋንቋ ጽፌ ላስቀምጥ።

በሽታው አይ.ቲ.ፒ. ይባላል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌቶች የገዛ ሰውነታችን መከላከያ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 400 ሺህ ፕላትሌት አለው። እኛ ጋ የሚመጡት 10 ሺህ፣ 5 ሺህ ይዘው ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ሺውን ትተን "ሰባት"፣ "አስራ ሁለት" እያልን ነው የምናወራው። ከዚህ በታችም እንደዚያው እጽፋለሁ።

የተለመደው ሕክምና የሚጀምረው የሰውነትን መከላከያ በሚያበርደው በስቴሮይድ ነው። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ይሰጣል። ስቴሮይድ ቶሎ ይደርሳል፣ ግን አይከርምም። መጠኑ እየተቀነሰ ሲሄድ ብዙ አዋቂዎች ላይ በሽታው ይመለሳል። ያኔ ሁለተኛ መድኃኒት ይፈለጋል። ከእነዚህ አንዱ ማይኮፌኖሌት ነው። ታዲያ በሽታው እስኪመለስ ለምን እንጠብቃለን? ከመጀመሪያው ሁለቱን አብረን ብንሰጥስ? የሙከራው ጥያቄ ይህ ብቻ ነው። የምትመራው የብሪስቶሏ የደም ሐኪም ሻርሎት ብራድቤሪ ናት።

ማይኮፌኖሌት በንቅለ ተከላ የገባን ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው ለመከላከል ለዓመታት ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው። የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን አንድ ኤንዛይም ይይዝባቸዋል። ሌሎች ሴሎች ሌላ መንገድ ስላላቸው ያን ያህል አይጎዱም። ሥራውን ለመጀመር ግን ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ስቴሮይዱ ይሸከማል ነው ሐሳቡ።

የመጀመሪያው ታካሚያችን የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የገባው ፕላትሌቱ 11 ሆኖ ነው። ኮምፒዩተሩ "ስቴሮይድ ብቻ" የሚለውን አወጣለት። "እሺ፣ ክኒን ባነሰ ቁጥር ይሻላል" አለና ሄደ።

ዲሴምበር 4፣ 2018

ሹፌሩ አስደነገጠን። ባለፈው ሳምንት 58 ነበር። ዛሬ ማሽኑ 9 አለ። ስልክ ደውለን ከመንገድ አስጠራነው። አፉን አየሁ፣ ቅልጥሙን አየሁ። አንድም የደም ነጠብጣብ የለም። ዘጠኝ የያዘ ሰው እንዲህ ጥርት ብሎ መታየቱ አልዋጥልኝ አለ።

ላብራቶሪ ያለችውን ባልደረባዬን ለመንኳት። ደሙን መስታወት ላይ ቀብታ በማይክሮስኮፕ አየችው። ፕላትሌቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀዋል። ሐምራዊ ክዳን ያለው የደም ብልቃጥ ውስጥ ያለው ኬሚካል አንዳንድ ሰው ላይ ይህን ያደርጋል። ማሽኑ ዘለላውን እንደ ፕላትሌት አይቆጥረውም፤ አልፎት ይሄዳል። በሰማያዊ ክዳኑ ብልቃጥ እንደገና ቀዳሁ። 61 ሆነ።

ፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ለዚህ ሰው ሰማያዊ ብልቃጥ ብቻ" ብዬ ጻፍኩ። ይህ ባይታወቅ ኖሮ ሙከራው ውስጥ በሽታው እንደተመለሰበት ሆኖ ይመዘገብ ነበር። ያለ አገባብም ተጨማሪ መድኃኒት ይወስድ ነበር።

ጃንዋሪ 29፣ 2019

የሹፌሩ ስቴሮይድ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሽታው ተመለሰ። አሁን እውነተኛ ነው። 14። ምላሱ ላይ የደም ቋጠሮ አለ።

በሙከራው ሕግ ፕላትሌት ከ30 በታች ወርዶ ሁለተኛ ሕክምና ካስፈለገ "ውድቀት" ተብሎ ይመዘገባል። ቅጹን ስሞላ ይህ ቃል ይከብደኛል። የወደቀው ሕክምናው ነው፣ ሰውየው አይደለም። እሱም ይህንኑ ጠየቀኝ፦ "ምን አጠፋሁ? አንድ ቀን አላሳለፍኩም።" ምንም እንዳላጠፋ ደጋግሜ ነገርኩት። ባለቤቱ ግን ስቴሮይዱ ቤት ውስጥ ያደረገውን ነገረችኝ። ሌሊት አይተኛም። ልጆቹን ይቆጣል። ቆይቶ ያለቅሳል። ይህን የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደምጽፈው ቸገረኝና "የጎንዮሽ ጉዳት" የሚለው ውስጥ በዝርዝር ጻፍኩት።

ፌብሩዋሪ 12፣ 2019

ዛሬ ሐበሻ ታካሚ መጣች። "መጣች" ማለቴ ይቅር፤ ስልሳን የተሻገሩ እናት ናቸው። እማማ ብዬ እጽፋቸዋለሁ።

ቅልጥማቸው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። "ቁንጫ የበላኝ መስሎኝ አንሶላውን ሁሉ ቀቀልኩት፣ ልጄ" አሉኝ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። የተቆጣ ቆዳ ሲጫኑት ይነጣል። ይሄ አልነጣም። ከቆዳው ሥር የፈሰሰ ደም ነው። ጉንጫቸው ውስጥ የምስር ፍሬ የሚያህል የጠቆረ ቋጠሮ አለ። ቁጥራቸው 7 ነው።

የክፍላችን ሐኪም ስለ ሙከራው ልታስረዳቸው ተቀመጠች። እኔ የምርምሩ ሠራተኛ ስለሆንኩ ስምምነቱን ማስተርጎም አይፈቀድልኝም። ሕጉ ትክክል ነው። በሽተኛው እሺ እንዲል የምፈልግ ሰው ነኝና። ስለዚህ በስልክ አስተርጓሚ ተደወለ።

ጥሩ እየሄደ ነበር፣ አስተርጓሚው "ሕክምናው በዘፈቀደ ነው የሚመደበው" እስኪል ድረስ።

እማማ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "በዘፈቀደ? እኔን በዘፈቀደ ልታክሙኝ?"

አስተርጓሚው አልተሳሳተም። መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ቃል ይሄው ነው። ግን ለታመመ ሰው በዘፈቀደ ማለት እንደመጣለት፣ ያለ ጥንቃቄ፣ ማለት ነው። ሐኪሟን አስፈቀድኩና ለአስተርጓሚው አንድ ቃል ብቻ ሰጠሁት፦ ዕጣ።

"እንዲህ አትሉኝም?" አሉ እማማ። "ዕጣማ አውቃለሁ። ማትያስም ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ ነው። ማን ነው የሚያወጣው?"

ኮምፒዩተር እንደሆነ፣ ሐኪሟም እኔም መምረጥ እንደማንችል ተነገራቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደግ ነው። መምረጥ ከቻላችሁማ ለምትወዱት ታደሉ ነበር።"

በዕጣ መደልደል ለምን እንዳስፈለገ ይህን ያህል አሳጥሮ ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም። ደብተሬ ላይ ወዲያው ጻፍኩት።

ቢሆንም ፊርማቸውን ለነገ አሳደሩ። ከልጃቸው ጋር መምከር ፈለጉ። ስቴሮይዱ በሁለቱም በኩል ስላለ ሕክምናው አልዘገየም፤ ዛሬውኑ ጀመሩ።

ፌብሩዋሪ 13፣ 2019

ፈረሙ። ኮምፒዩተሩ ላይ የትውልድ ዓመታቸውን አስገባሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ሁለቱ መድኃኒት አብሮ ወጣላቸው።

ማይኮፌኖሌት ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጥ እንደሆነ ሐኪሟ ስትነግራቸው ደነገጡ። "ደግሞ ኩላሊቴ ምን ሆነ?" ኩላሊታቸው ደህና እንደሆነ እስኪያምኑ ድረስ 10 ደቂቃ ፈጀ። ለሚቀጥለው ታካሚ ይህን ነገር ከመጀመሪያው አስቀድመን እንናገራለን።

ክኒኑን መዳፋቸው ላይ ቆጠርንላቸው። ክብደታቸው 60 ኪሎ ስለሆነ 60 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ባለ 5ቱን 12 ፍሬ በአንድ ጊዜ። ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች መዳፍ ይሞላሉ። "ይሄ እራት ነው እንጂ መድኃኒት ነው?" አሉ። ከዚያ ማይኮፌኖሌቱ አለ፤ ጠዋትና ማታ፣ በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨመር።

ማርች 6፣ 2019

143! ቁጥሩን ሳይ ከወንበሬ ተነሳሁ።

እማማ ግን ዓይናቸው ቀልቷል። ሌሊቱን ሙሉ አይተኙም። ፋይሉን አየሁት። ባልደረባዬ ከትናንት በስቲያ በስልክ ጠይቃቸው "ፕሬድኒሶሎን፣ 9 ሰዓት" ብላ መዝግባለች። ጠዋት የተወሰደ ስቴሮይድ እንዲህ እንቅልፍ አይነሳም ብዬ ግራ ገባኝ። ኋላ ገባኝ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ገብቷል። እማማ የተናገሩት በእኛ ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ማለት እዚህ አገር ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። ጾማቸውን ሲፈቱ ነው ሁሉንም የሚውጡት።

ለባልደረባዬ ሰዓታችን ከ6 ሰዓት ጋር እንዴት እንደሚዞር ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋት። ከዚህ በኋላ ለሐበሻ ታካሚ "ስንት ሰዓት" ብቻ ሳይሆን "ከቁርስ ጋር ነው ወይስ ከምሳ በኋላ" ብለን እንጠይቃለን።

ጾሙን ተዉ አላልኳቸውም፣ የእኔም ቦታ አይደለም። ስቴሮይድ በባዶ ሆድ ጨጓራ እንደሚጎዳ፣ ከሰዓት ከተወሰደ ደግሞ እንቅልፍ እንደሚነሳ ነገርኳቸው። የንስሐ አባታቸውን እንዲጠይቁ ተስማማን።

ማርች 8፣ 2019

እማማ ራሳቸው ደወሉ። የንስሐ አባታቸው ጠዋት በጾም ምግብ መድኃኒቱን እንዲወስዱ ፈቅደዋል። ጠዋት ቂጣ በሻይ፣ ከዚያ ክኒኑ። ትናንት አምስት ሰዓት ያህል ተኝተዋል።

ሜይ 21፣ 2019

አንዲት ተማሪ ነርስ "ሰውነት ራሱን እንደሚያጠቃ በምን ታወቀ?" ብላ ጠየቀችኝ። የምወደው ታሪክ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ነገርኳት።

በ1950 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ባርንስ ሆስፒታል ዊሊያም ሃሪንግተን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። በዚያን ዘመን ክርክሩ መቅኔ ፕላትሌት መሥራት አቅቶት ነው ወይስ ተሠርተው ነው የሚጠፉት የሚል ነበር። ሃሪንግተን ይህ በሽታ ካለባት ሴት ግማሽ ሊትር ደም ተቀድቶ ለራሱ እንዲሰጠው አደረገ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ የእሱ ፕላትሌት ሊያልቅ ደረሰ። ሰውነቱ በነጠብጣብ ተሞላ። እስከመንቀጥቀጥና ራስን እስከመሳት ደረሰ። ከደረቱ አጥንት የተወሰደው መቅኔ ግን ጤነኛ ነበር። አጥፊው ነገር ደሟ ውስጥ ነበር ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን ገደማ ቁጥሩ ተመለሰ።

ተማሪዋ ዝም ብላ ቆየችና "ማን ፈቀደለት?" አለችኝ። ዛሬ ማንም አይፈቅድለትም። እኛ አንዲት መርፌ ለመውጋት ስንት ገጽ ነው የምናስፈርመው። ግን እማማ የሚውጡት ክኒን ከእሱ ግማሽ ሊትር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ጁን 18፣ 2019

ዛሬ የጻፍኩትን ደግሜ ማንበብ አለብኝ።

የእማማ ቁጥር 198 ነው። ስቴሮይዱን ከጨረሱ ቆይተዋል። ማይኮፌኖሌቱ ብቻውን ይዞታል። ነጠብጣብ የለም፣ ድድ አይደማም። ሐኪሟ ፈገግ ብላ "በጣም ጥሩ ነው!" አለች።

እማማ ለአስተርጓሚው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረው "ደሜ ድኗል፣ እኔ ግን አልዳንኩም" አሉ።

በየጉብኝቱ መጨረሻ የምንሞላው የድካም መጠይቅ አለ። እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዛሬ በጥድፊያ ነበር የማስሞላው። ደም ተቀድቷል፣ ግፊት ተለክቷል፣ ቀጣይ ቀጠሮ ተይዟል፣ ሰውም መሄድ ይፈልጋል። ዛሬ በራቸውን ዘግቼ እያንዳንዱን ጥያቄ ቀስ ብለን አየነው። "ደክሞኛል" ከሚለው ጀምሮ እስከ "የጀመርኩትን መጨረስ ያቅተኛል" ድረስ። እማማ ለሁሉም ምሳሌ ነበራቸው። ከአውቶቡስ ፌርማታ እስከ ቤታቸው ሁለት ቦታ ይቀመጣሉ። ልብስ አጥበው ማስጣት ለነገ ይቀራል። ሆዳቸው ይፈታል። ከሁሉ የከበዳቸው ግን ቡናው ነው። "ጎረቤቴ ናት የምታፈላልኝ። ረከቦቱ ከተዘረጋ ፋሲካ አልፎታል።"

"ድካም" የሚለው ቃል አልበቃኝም። ድካም ሠርቶ የሚመጣ ነው። ይሄ ሳይሠሩ የሚመጣ ነው። እማማ ራሳቸው "ዝለት" አሉት።

በሽታው ራሱ ያደክማል፣ ፕላትሌቱ ወጥቶም ቢሆን። መድኃኒቱም ያደክማል። የእማማ የትኛው እንደሆነ አንዲት ነርስ በአንድ ሰው ልትለይ አትችልም። ለዚህ ነው ስቴሮይድ ብቻ የሚወስደው ሌላው ወገን ያስፈለገው። ግን ለመለየት መጀመሪያ በትክክል መጻፍ አለበት። ከዛሬ ጀምሮ መጠይቁን የማስሞላው ደም ከመቅዳቴ በፊት ነው፣ በኋላ አይደለም። ውጤቱ ሳይታወቅ፣ ደስታውም ድንጋጤውም ሳይመጣ።

ኦክቶበር 2፣ 2019

አንዲት ወጣት ዛሬ አልገባችም። ልጅ መውለድ ትፈልጋለች። ማይኮፌኖሌት ፅንስ ይጎዳል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። በተለመደው መንገድ ትታከማለች። እንደተጣለች እንዳይሰማት ሐኪሟ ብዙ ጊዜ ሰጠቻት።

እማማ 176። መጠኑ በየወሩ በጥቂቱ መቀነስ ተጀምሯል።

ማርች 24፣ 2020

ከትናንት ማታ ጀምሮ አገሩ ተዘግቷል። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎቻችን ሁሉ ፈርተዋል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነኝ። "ላቋርጠው?" ነው ጥያቄው። በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ሐኪሟ ትደውልላችኋለች እያልኩ ነው የዋልኩት።

ሹፌሩም ደወለ። በሁለተኛው ሕክምና፣ በማይኮፌኖሌት፣ 90 ላይ ነው። ምግብ ስለሚያመላልስ ሥራ ማቆም አልፈለገም። መጨረሻ ላይ ሐኪሟ ራሷ ለመነችው።

እማማ የቀራቸው ትንሽ መጠን ብቻ ነው። ልጃቸው በር ላይ አስቤዛ አስቀምጣ ትሄዳለች። በመስኮት ነው የሚተያዩት።

ጁላይ 9፣ 2020

እማማ ማይኮፌኖሌቱን ጨርሰዋል። ያለ ምንም መድኃኒት 112። መጠይቁን በስልክ ሞላን። ከአውቶቡስ ፌርማታ ሳይቀመጡ ቤታቸው ይደርሳሉ።

ሴፕቴምበር 2021

ውጤቱ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነው ያነበብኩት።

120 ሰዎች ገብተዋል። 59ኙ ሁለቱን መድኃኒት አብረው ወሰዱ፣ 61ዱ ስቴሮይድ ብቻ። ሕክምናው የወደቀባቸው ከ59ኙ 13፣ ማለትም 22 በመቶ፤ ከ61ዱ 27፣ ማለትም 44 በመቶ ናቸው። በግማሽ ቀንሷል። ፕላትሌታቸው ለሕክምናው ምላሽ የሰጠው ሁለቱን አብረው ከወሰዱት 91.5 በመቶ፣ ስቴሮይድ ብቻ ከወሰዱት 63.9 በመቶ ናቸው። በመድማትም ሆነ በኢንፌክሽን ልዩነት አልታየም።

ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱን አብረው የወሰዱት በአካል አቅምና በድካም በኩል የባሰ ኑሮ እንደነበራቸው ተናግረዋል።

የእማማ ዝለት ነው። በሩን ዘግተን የሞላነው ወረቀት እዚያ ውስጥ አለ። የእሳቸው ብቻ ቢሆን ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። በዚህ ሙከራ የማስመሰያ ክኒን አልነበረም። ታካሚው የሚወስደውን ያውቃል። ተጨማሪ መድኃኒት እንደሚወስድ የሚያውቅ ሰው ድካሙን አብዝቶ ሊያዳምጥ ይችላል። ማሽን የቆጠረው ፕላትሌት ግን ይህን አያውቅም። ቢሆንም ድካሙን በዚህ ምክንያት ወደ ጎን የሚያደርግ ሰው ካለ አልስማማም። ያን ፊት አይቼዋለሁ።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው፦ ስቴሮይድ ብቻ ከወሰዱት 61 ሰዎች 34ቱ ላይ ውድቀት አልተመዘገበም። ለሁሉም ከመጀመሪያው ማይኮፌኖሌት ብንሰጥ ኖሮ እነዚህ 34ቱ ሳያስፈልጋቸው ይወስዱት ነበር። ማን ከየትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን የሚለይ ምርመራ በእጃችን የለም። ለእኔ ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መስጠት ለታካሚው ቀርቦ የሚመከርበት አማራጭ ነው። በሽታው ዳግም እንዳይመጣበት አጥብቆ የሚፈልግ አለ። ሹፌሩ በዚያች ጃንዋሪ ብትጠይቁት ያለ ማመንታት ይወስደው ነበር። ጉልበቱን የሚያስቀድምም አለ።

ሴፕቴምበር 2021፣ ከሁለት ቀን በኋላ

ለእማማ ደወልኩ። ውጤቱን መስማት እንደሚፈልጉ በፊርማቸው ጠይቀው ነበር። ቁጥሩን በቀላሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ድካሙንስ? እሱንም ጻፉት?"

"ጽፈውታል፣ እማማ። አጭር ማጠቃለያው ውስጥ ሳይቀር አለ።"

"እሰይ" አሉ። ከዚያ ከበስተጀርባ የብረት ምጣድ ላይ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ። እየቆሉ ነው ለካ። "ያዢኝማ፣ እንዳያርብኝ" ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።